ከሱፓኤሮ የወጡት መሐንዲሶች፦ ለእናንተ ማን ይበልጣል?

ሰማያዊ_ክንፍ ጻፈ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ አንድ የፈረንሳይ የምህንድስና ትምህርት ቤት ላወራችሁ ነው። ሱፓኤሮ ይባላል። አሁን ያለው ቱሉዝ ነው፣ ሲጀመር ግን ፓሪስ ነበር። ዣን ባቲስት ሮሽ የሚባል መሐንዲስ መኮንን በ1909 አቋቋመው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የእኛን ስጠቀም እናገራለሁ)። ያኔ አውሮፕላን ማለት እንጨት፣ ሽቦና የተወጠረ ጨርቅ ነው። ሉዊ ብሌርዮ ከፈረንሳይ ተነስቶ ባሕሩን አቋርጦ እንግሊዝ ያረፈው በዚያው ዓመት ነው። የአውሮፕላን ፋብሪካ የሚባል ነገር በቅጡ ሳይኖር ለዚያ ፋብሪካ መሐንዲስ አሠለጥናለሁ ብሎ ትምህርት ቤት መክፈት ትልቅ ድፍረት ነው።

እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ባሉት ጥቂት ዓመታት ብቻ እዚያ የተማሩትን ተመልከቱ። ሄንሪ ኮዋንዳ፣ ሮማንያዊው፣ የመጀመሪያው ዙር ተመራቂ ነው። ማርሴል ብሎክ በ1913 ጨረሰ፤ በኋላ ስሙን ቀይሮ ማርሴል ዳሶ የተባለው፣ ሚራዥ የሚባለውን የጦር ጄት የሠራው ሰውዬ ነው። አንሪ ፖቴዝ አለ። ከሩሲያ የመጣው ሚካኤል ጉሬቪች አለ፤ ሚግ ሲባል ሚኮያንና ጉሬቪች ማለት ነው። ብሎክና ጉሬቪች አብረው ተምረዋል። ሚራዥና ሚግ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጡት ለእናንተ ማን ይበልጣል? የእኔን ቀድሜ ልናገር፦ አንሪ ፖቴዝ። ሁሉም ሰው ዳሶን ያወራል፣ ፖቴዝን የሚያነሳ የለም። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ልንረሳው አይገባም፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ይጻፍ።

ታሪክ_ወዳድ ጻፈ፦
ምክንያቱን እኔ ልጻፈው። አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ያረፈው አውሮፕላን ፖቴዝ 25 ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 12 ቀን 1921፣ አብራሪው አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ። ንጉሥ ተፈሪ ያስመጡት ነው፣ ስሙንም «ንስረ ተፈሪ» አሉት። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የጀርመኑ ዩንከርስ መጣ።

ከዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ያ አውሮፕላን ታሪክ ውስጥ ገባ። መጋቢት 22 ቀን 1922 በእኛ፣ አንቺም ላይ በንጉሥ ተፈሪ ላይ ያመፁት ራስ ጉግሣ ወሌ ሲዋጉ አውሮፕላን በላያቸው ዞረ። አስቀድሞ ወረቀት በተነ፣ በጦርነቱ ቀን ደግሞ ቦምብ ጣለ። በሕይወቱ አውሮፕላን አይቶ የማያውቅ ሠራዊት ምን እንደተሰማው ገምቱ። ራስ ጉግሣ እዚያው ወደቁ፣ ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ የፈረንሳይ ገጠር ልጅ የሳለው ማሽን በእኛ የሥልጣን ታሪክ ውስጥ እጁ አለበት ማለት ነው። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል።

ሰማያዊ_ክንፍ ጻፈ፦
@ታሪክ_ወዳድ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልክ የፈለግኩትን ነው ያነሳኸው። ስለ ሰውዬው ልጨምር።

ፖቴዝ የተወለደው በ1891 ሜኦልት በምትባል የሶም አውራጃ መንደር ነው። በአንደኛው ጦርነት ጊዜ እሱና ብሎክ ሻሌ ሙዶን በሚባለው የጦሩ የአቪዬሽን ቤተ ሙከራ አብረው ሠሩ። ብሎክ የዘመኑ ፕሮፔለር ጥሩ እንዳልሆነ አየና የራሱን ሳለ። ማን ሠራለት መሰላችሁ? ፓሪስ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጺ። ፕሮፔለር ከእንጨት ስለሚቀረጽ ጥሩ አናጺ ጥሩ ፕሮፔለር ይሠራል። «ኤክሌር» አሉት፣ የታወቀው የጦር አብራሪ ጊንሜር የበረረበት ስፓድ አውሮፕላን ላይም ተገጠመ። ሁለቱ ጓደኛሞች በዚህ ገንዘብ አገኙና ሙሉ አውሮፕላን ወደ መሥራት ገቡ። መንግሥት 1,000 አዘዛቸው። ወዲያው ጦርነቱ አለቀ፣ ትዕዛዙ ተሰረዘ።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ የተለያዩት። ብሎክ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤት ዕቃና ወደ ቤት ግንባታ ሄደ፣ አሥር ዓመት ያህል አውሮፕላን አልነካም። ፖቴዝ ግን አልተወም። ማንም አውሮፕላን በማይገዛበት ጊዜ ከጦርነት የተረፈ ዕቃ እየሰበሰበ ቀጠለ። በ1924 በትውልድ መንደሩ ትልቅ ፋብሪካ ተከለ፣ ፖቴዝ 25ም ከዚያ ወጣ። በሺዎች ተሠርቶ በብዙ አገር በረረ። ለእኔ መሐንዲስ ማለት ይሄ ነው፤ ገበያው ሲጠፋ ያልተወ ሰው።

የሲያትሉ ጻፈ፦
የፖቴዝን ታሪክ ወድጄዋለሁ፣ ግን ምርጫህን አልቀበልም። የሰውን ልጅ ኑሮ የቀየረ ማን ነው ብለን ከጠየቅን ሮዤ ቤቴይ ነው። ስሙን የሚያውቀው ትንሽ ሰው ነው፣ እሱ የሠራውን የማያውቅ ግን የለም። ኤርባስ የእሱ ሥራ ነው።

ቤቴይ የተወለደው በ1921 ነው። መጀመሪያ ኤኮል ፖሊቴክኒክ፣ ከዚያ ሱፓኤሮ ተማረ። በ1955 የካራቬል ጄት የመጀመሪያ በረራዋን ስታደርግ ውስጧ ከነበሩት አንዱ እሱ ነው። በ1967 የኤርባስ የመጀመሪያ አውሮፕላን የሆነው የኤ300 ፕሮጀክት ቴክኒክ ኃላፊ ሆነ። አሁን ያደረገውን ስሙ። መንግሥታቱ 300 ሰው የሚጭን አውሮፕላን ብለው ነበር የፈረሙት፣ እንግሊዞቹ ደግሞ ገና ወረቀት ላይ ያለ አዲስ የሮልስ ሮይስ ሞተር ይሁንለት ይሉ ነበር። ቤቴይ ዝም ብሎ አሳንሶ 250 ሰው አካባቢ የሚጭን አድርጎ እንደገና ሳለው፤ እንዲህ ከሆነ ገበያ ላይ ያለ የአሜሪካ ሞተር ይበቃዋል። አዲስ ሞተር ማለት ቢሊዮን ወጪ ነው፣ ከዘገየ ደግሞ ፕሮጀክቱን ይገድለዋል። ቀጥሎ ሥራውን ለአገራቱ አከፋፈለ። ክንፉ ለእንግሊዞች፣ አብዛኛው አካል ለጀርመኖች፣ የአብራሪዎቹ ክፍልና መሐሉ ለፈረንሳዮች፣ የጅራቱ አግድም ክንፍ ለስፔኖች። ለእያንዳንዱ የሚችለውን ሰጠ። ፈረንሳዊ ሆኖ ሳለ ደግሞ የሥራ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሁን አለ፣ ምክንያቱም ገዢው ማን እንደሆነ ያውቃል። ኤ300 በጥቅምት 1972 ተነሳ።

እኔ የምኖረው በቦይንግ ከተማ ነው፣ ጎረቤቶቼ ሁሉ ቦይንግ ነው የሚሠሩት። እነሱ ራሳቸው ቤቴይን ሲያነሱ በአክብሮት ነው።

ሰማያዊ_ክንፍ ጻፈ፦
@የሲያትሉ ቤቴይ ትልቅ መሆኑ አያከራክርም። ኤ320ን ብትጨምርበት ደግሞ ከቤርናር ዚግለር ጋር ነው፣ እሱም የሱፓኤሮ ልጅ ነው። አብራሪው እጀታውን ሲያንቀሳቅስ ኬብል ከመጎተት ይልቅ ኮምፒውተር ትዕዛዙን ተቀብሎ ክንፉን እንዲያዝ ያደረጉት እነሱ ናቸው። በ1987 ሲበር ስንቱ ሰው ተቃውሞ ነበር፣ የአብራሪ ማኅበራት ሳይቀሩ። ዛሬ አዲስ የሚሠራ ትልቅ አውሮፕላን ሁሉ ማለት ይቻላል በዚያው መንገድ ነው።

ከቤርሼባ ጻፈ፦
ሰላም ወንድሞችና እህቶች። እኔ ስለ ዳሶና ስለ ጉሬቪች ልጽፍ፣ ምክንያቱም እኛ እዚህ እስራኤል የሁለቱ ሥራ በአንድ ግቢ ቆሟል። ሐጼሪም የሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ለእኛ ከተማ ቅርብ ነው። ሚራዥ 3 እዚያ አለ፣ «ሻሐክ» ይሉታል። ሚግ-21ም አለ፤ በ1966 ሙኒር ሬድፋ የሚባል የኢራቅ አብራሪ ይዞት የመጣው፣ 007 ቁጥር የተጻፈበት። እስራኤሎች ያንን ሚግ እያበረሩ ድክመቱን አጠኑ። በሚያዝያ 1967 በአንድ ቀን ስድስት የሶሪያ ሚግ-21 በሚራዥ ተመቶ ወደቀ። በዚያው ዓመት በሰኔው የስድስት ቀን ጦርነትም ሁለቱ ተፋጠጡ።

እንግዲህ አስቡት። ሁለት ወጣቶች ፓሪስ ውስጥ አንድ ጥቁር ሰሌዳ እያዩ ተማሩ፣ ሁለቱም ከአይሁድ ቤተሰብ ናቸው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ የአንዱ አውሮፕላን የሌላውን አውሮፕላን ሰማይ ላይ አሳደደ። ልጆቼን ወስጄ ሳሳያቸው ይህን ነው የምነግራቸው።

ዳሶ ደግሞ የደረሰበት መከራ ብቻውን ያስከብረዋል። ለጀርመኖች አልሠራም ስላለ በ1944 ቡኸንቫልድ የሚባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ወሰዱት። በሚያዝያ 1945 ሲፈታ 53 ዓመቱ ነበር፣ ሰውነቱ አልቆ ነበር። በዚያ ዕድሜና በዚያ ጤና ሌላ ሰው ቢሆን ያርፋል። እሱ ከባዶ ጀምሮ ኡራጋንን፣ ሚስቴርን፣ ሚራዥን ሠራ። ሚራዥ 3 በ1958 ከድምፅ ፍጥነት እጥፍ በላይ የበረረ የመጀመሪያው የአውሮፓ አውሮፕላን ሆነ። ራፋል የተነሳው እሱ በሞተበት ዓመት በ1986 ነው። ስለዚህ የእኔ ድምፅ ለዳሶ።

ታሪክ_ወዳድ ጻፈ፦
አንድ ነገር ይስተካከል፣ ለእውነት ስል ነው። ጉሬቪች ሱፓኤሮ ተማረ እንጂ እዚያ አልጨረሰም። በ1914 ክረምት ቤተሰቡን ሊጠይቅ ወደ አገሩ ሄደ፣ ጦርነቱ ፈነዳ፣ በዚያው ቀረ። ዲግሪውን ያገኘው በ1925 ካርኪቭ ነው። መጀመሪያም ፈረንሳይ የሄደው ወዶ አይደለም፣ በፖለቲካ ምክንያት ከካርኪቭ ዩኒቨርሲቲ ተባሮ ነው። ስለዚህ «ተመራቂ» ብሎ መቁጠሩ ልክ አይመስለኝም፣ «የቀድሞ ተማሪ» ይባል።

የሲያትሉ ጻፈ፦
@ታሪክ_ወዳድ ልክ ነህ። እንደዚያ ከሆነ አሌክሳንደር ካርትቬሊን እናንሳ፣ እሱ በ1922 ጨርሷል። የተብሊሲ ልጅ ነው፣ ጆርጂያዊ። ፓሪስ ተምሮ ትንሽ ብሌርዮ ዘንድ ሠራ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ መጣ። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ የታወቀው ፒ-47 ተንደርቦልት የእሱ ነው፤ ከ15,000 በላይ ተሠርቷል። ቀጥሎ ኤፍ-84ን ሠራ። ኮሪያ ሰማይ ላይ የካርትቬሊ ኤፍ-84 ከጉሬቪች ሚግ-15 ጋር ተዋጋ። የእኛ ቃኘው ሻለቃ ደግሞ በዚያው ጦርነት መሬት ላይ ነበር። ቬትናም ላይም እንደገና፣ ኤፍ-105 ከሚግ ጋር።

የቢሾፍቱ_አዛውንት ጻፈ፦
ልጆች፣ የምትጽፉትን በደስታ ነው የማነበው። እኔ በደብረ ዘይት አየር ኃይል ቴክኒሽያን ሆኜ አገልግያለሁ፣ አሁን ጡረታ ነኝ። ሁለቱንም ዓይነት ነክቻለሁ፣ የአሜሪካኑንም የሩሲያውንም።

ስለ ሚግ የምናገረው ይኼን ነው። ምቾት ያለው ማሽን አይደለም፤ ግን ጠንካራ ነው። መጥፎ ሜዳ ይችላል፣ በቀላል መሣሪያ ይጠገናል፣ ብዙ አያስቸግርም። የሠራው ሰው በጭቃና በበረዶ ውስጥ የሚሠራ ወታደር እያሰበ እንደሠራው ያስታውቃል። ይህን የማደንቀው ከልቤ ነው።

ነገር ግን በ1969 በእኛ፣ ሶማሊያ ስትወረን ሚግ የያዙት እነሱ ነበሩ። የእኛ ልጆች ኤፍ-5 ይዘው ወጡ። በወረቀት ሲታይ ሚግ-21 ይፈጥናል። ሰማይ ላይ ግን የእኛዎቹ አሸነፉ፣ ምክንያቱም ሥልጠናቸው የላቀ ነበር፣ አውሮፕላናቸውን እንደ እጃቸው ያውቁት ነበር። ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ያኔ በርካታ ሚግ ጥለዋል፤ በኋላ ተመትተው ተማርከው 11 ዓመት ገደማ በሶማሊያ እስር ቆዩ። ከዚያ በኋላ ነው ሚግ ለእኛ የመጣልን። ስለዚህ መሐንዲሱን ስታደንቁ አብራሪውንና ቴክኒሽያኑን አትርሱ።

ሀና_መ ጻፈች፦
ጋሼ፣ እርስዎን ማንበብ ያስደስታል፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እዚህ ክር ላይ ሚግ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ፍጥነትና ስለ ድል ነው። እኔ የትግራይ ልጅ ነኝ። ለእኛ ቤት ሚግ ማለት ሐውዜን ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 በእኛ፣ የገበያ ቀን ነበር። ሕዝቡ እህልና ከብት ይዞ ተሰብስቦ ባለበት ከሰማይ ወረደበት። ያለቀው ገበያተኛ ነው። እናቴ ዛሬም የጄት ድምፅ ስትሰማ ትነሳለች።

ጉሬቪች ያንን አላዘዘም፣ ይገባኛል። አንቺምም ላይ ፖቴዝ ቦምብ ጣል አላለም። ግን «ታላቅ መሐንዲስ» ብለን ስንዘረዝር የሠሩት ነገር ምን እንዳደረገም አብሮ ይጻፍ ነው የምለው።

የቢሾፍቱ_አዛውንት ጻፈ፦
ልጄ ሀና፣ የጻፍሽው እውነት ነው፣ የሚከራከርሽ የለም። ጉሬቪች በ1964 ጡረታ ወጥቷል፣ ያኔ አየር ኃይላችን የነበረው ሚግ-23 ከእሱ በኋላ ነው የበረረው። ይህን የምለው ጉዳዩን ለማሳነስ አይደለም። በስማቸው የሚጠራው ማሽን የሚሠራውን ለማየት እነሱ አልነበሩም፣ እኛ ግን ነበርን። ነፍስ ይማር።

ሰማያዊ_ክንፍ ጻፈ፦
@ሀና_መ ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። ክሩ ያለዚህ ጎደሎ ነበር። ታሪክ_ወዳድ ስለ አንቺም ሲጽፍም እኔ «ይደንቃል» በሚለው ላይ ብቻ ነበር ያተኮርኩት፣ ከታች የነበሩት ሰዎችም መነሳት አለባቸው።

ከትምህርት ቤቱ የወጡት ሁሉ ደግሞ የጦር መሣሪያ አልሠሩም። ኮዋንዳን ውሰዱ። አየር ወይም ውኃ በጠመዝማዛ ገጽ ላይ ሲፈስ ገጹን ተከትሎ እንደሚታጠፍ አጥንቶ ያሳየው እሱ ነው፤ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ቧንቧ ስትከፍቱ ማንኪያ ጀርባውን አስጠጉና እዩት፣ ውኃው ተጣብቆ ይታጠፋል። በ1910 የሠራው አውሮፕላን የመጀመሪያው ጄት ነበር የሚሉ አሉ፣ የታሪክ ሰዎች ግን ይጠራጠራሉ፣ እኔም አልቀበለውም። ያለዚያም ክብሩ ይበቃዋል። የቡካሬስት አየር ማረፊያ በስሙ ነው የሚጠራው።

ጠፈር ላይ የሄዱም አሉ። ዣን ፍራንሷ ክለርቯ ሦስት ጊዜ በመንኮራኩር ወጥቷል፣ በ1999 ሐብል ቴሌስኮፕን ለመጠገን የሄደው ቡድን ውስጥ ነበር። ቶማ ፔስኬ በ2001 ተመርቆ በኋላ የኤር ፍራንስ ኤ320 አብራሪ ሆነ፣ ከዚያ ጠፈርተኛ። በ2021 ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ በአዛዥነት መርቷል፣ ፈረንሳዊ ያንን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው።

ሀና_መ ጻፈች፦
ሶፊ አድኖንም ጨምሩ። ከዚያው ትምህርት ቤት ወጥታለች፣ የሄሊኮፕተር ፈታኝ አብራሪ ነበረች፣ በ2022 በአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ለጠፈርተኛነት ተመርጣለች። የወንዶች ስም ብቻ ሲዘረዘር ደከመኝ። ቤቴይ ከሱፓኤሮ በፊት የተማረበት ፖሊቴክኒክ ሴት መቀበል የጀመረው በ1972 ነው፤ ብዙ የሴት ስም የሌለው ሴቶቹ ስላልቻሉ ሳይሆን በሩ ስለተዘጋ ነው። የእኔ ድምፅ ለእሷ።

ታሪክ_ወዳድ ጻፈ፦
ለፖቴዝ ደጋፊዎች አንድ ነገር ልጨምር። በሜኦልት የተከለው ፋብሪካ ዛሬም አልተዘጋም። አሁን የኤርባስ ነው፣ የኤርባስ አውሮፕላኖች አፍንጫ፣ ማለትም አብራሪዎቹ የሚቀመጡበት የፊት ክፍል፣ እዚያ ነው የሚገጣጠመው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ኤ350ም አፍንጫው ከዚያ መንደር ነው የመጣው። እዚህ ላይ የፖቴዝና የቤቴይ ደጋፊዎች ብትታረቁ ጥሩ ነው።

የሲያትሉ ጻፈ፦
ይሄንን አላውቅም ነበር። እሺ፣ ታርቀናል። ድምፄን ግን አልቀይርም።

ሜካኒካል_5ኛ_ዓመት ጻፈ፦
ይቅርታ፣ የታሪኩን ክር ላቋርጥ ነው። እኔ ሜካኒካል ምህንድስና ልጨርስ ነው፣ አውሮፕላን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነገር ነው። ከኢትዮጵያ ሆኖ እዚህ ትምህርት ቤት መግባት ይቻላል? ፈረንሳይኛ አልችልም። የሚያውቅ ካለ በእናታችሁ።

ሰማያዊ_ክንፍ ጻፈ፦
ይቻላል ወንድሜ። ፈረንሳዮቹ የሚገቡበት መንገድ ሌላ ነው፤ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ሁለት ዓመት ሒሳብና ፊዚክስ ብቻ እየተጨነቁ ይዘጋጁና ከባድ የመግቢያ ፈተና ይወስዳሉ። አንተ በዚያ አትሄድም። ለውጭ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የኤሮስፔስ ማስተርስ አላቸው። የመጀመሪያ ዲግሪህን ይዘህ ቀጥታ ወደ እሱ ነው የምታመለክተው። ሒሳብህ፣ የፈሳሽና የአየር ፍሰት ትምህርትህ፣ የቁጥጥር ሥርዓት ትምህርትህ ውጤት ላይ ያተኩራሉ። የመመረቂያ ፕሮጀክትህን ከተቻለ ከበረራ ጋር የሚያያዝ አድርገው፣ ትንሽ ድሮን እንኳን ቢሆን ይታይልሃል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚሰጠው ኤፌል የሚባል ስኮላርሺፕ አለ። እሱን ራስህ አታመለክትም፣ የተቀበለህ ትምህርት ቤት ነው የሚያቀርብህ። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ ቀድመህ አመልክትና «ለኤፌል አቅርቡኝ» ብለህ ጠይቃቸው። የዕድሜ ገደብ አለው፣ የዘንድሮውን መስፈርት ኤምባሲው ገጽ ላይ እይ። ፈረንሳይኛም ከአሁኑ ጀምር፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ልምምድ ስትወጣ ፋብሪካ ውስጥ ሰው የሚያወራው ፈረንሳይኛ ነው።

የቢሾፍቱ_አዛውንት ጻፈ፦
@ሜካኒካል_5ኛ_ዓመት ልጄ፣ ሳትሄድ በፊት ቦሌ የአየር መንገዱ ጥገና ክፍል የልምምድ ዕድል ጠይቅ። አውሮፕላን ሲፈታና ሲገጠም በእጅህ ነክተህ ካየህ በኋላ መጽሐፉ ይቀልሃል። ጥያቄ ካለህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እመልሳለሁ።